የኪስ የጸሎት መጽሐፍ ልትገዙ ከሆነ ይህን አንብቡ

"የጸሎት መጽሐፍ ልገዛ ነበር፣ የትኛው ይሻላል?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከመሥሪያ ቤትም፣ ከሰንበቴም፣ ከዘመድም። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ሰው ለስልክ ሽፋን ሦስት ሱቅ ዞሮ ይመርጣል፤ የጸሎት መጽሐፍ ሲሆን ግን የቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጁ የገባውን አንሥቶ ይሄዳል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ገጹ ይረግፋል፣ ፊደሉ ዓይን ያደክማል፣ መጽሐፉ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፣ ጸሎቱም አብሮት ይወጣል። በዚህ ምክንያት የዘወትር ጸሎታቸውን ያቋረጡ ሰዎች አውቃለሁ። ሃይማኖታቸው ቀንሶ አይደለም። መጽሐፉ አላስነብብ ብሏቸው ነው።

የማወራው ሁላችሁም ስለምታውቁት ትንሽ መጽሐፍ ነው። የዘወትር ጸሎት፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃንና ይዌድስዋ መላእክት በአንድ ላይ የተጠረዙበት፤ ብዙ ጊዜ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስም ይጨመሩበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ ራጉኤል አካባቢ፣ በአጠቃላይ ጧፍና ዕጣን በሚሸጥበት ሁሉ አለ። አሳታሚው ብዙ ነው። ከድሮዎቹ የተስፋ ገብረ ሥላሴን እትሞች የማያውቅ የለም፤ ፊደል የቆጠርንበት ገበታ ላይ ስማቸውን አይተናል። ከእሳቸው ሌላ በየጊዜው አዳዲስ አሳታሚዎች ይመጣሉ፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ማን እንዳሳተመው እንኳ አልተጻፈም። ወረቀቱም ጥራዙም ከኅትመት ኅትመት ስለሚለዋወጥ ስም ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። ስለዚህ ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ልንገራችሁ።

እኔ መጽሐፉን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። በተራ የሥራ ቀን ያገለግላል ወይ? በበዓል ቀንማ ሁሉም ያገለግላል። ቤተ ክርስቲያን ከቆማችሁ ካህናቱና ዲያቆናቱ ይመራሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ መጽሐፍ ባትይዙም ጸሎቱ ይዟችሁ ይሄዳል። ጭንቁ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ናችሁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳችኋል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ዝናብ ያካፋል። መጽሐፉ እዚያ ሰልፍ ላይ ከኪስ ወጥቶ፣ የዕለቱ ቦታ ወዲያው ተገኝቶ፣ ተነቦ፣ ሳይጎዳ ተመልሶ መግባት አለበት። ይህን ካልቻለ ሽፋኑ ላይ ምንም ያማረ ሥዕል ቢኖረው ለእኔ ጥሩ መጽሐፍ አይደለም።

እኛ እኮ ጸሎት ከአፋችን የማይጠፋ ሕዝብ ነን። "እንዴት አደርክ?" ሲሉን "እግዚአብሔር ይመስገን" እንላለን። ስናመሰግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነው። ምጥ የያዛት ሴት ደጅ ላይ ሴቶች "ማርያም ማርያም" ይላሉ፤ ስትገላገል ደግሞ "እንኳን ማርያም ማረችሽ"። ታክሲው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ግማሹ ተሳፋሪ ያማትባል፣ ሹፌሩም አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያማትባል። የወሩን ቀን እንኳ በቅዱሳኑ ነው የምንቆጥረው፤ "ለሚካኤል እመጣለሁ" ያለ ሰው በ12 እንደሚመጣ ይታወቃል፣ "ከማርያም በኋላ እከፍልሃለሁ" ካለም 21 እስኪያልፍ ነው። ይህ ሁሉ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ሁሉም አጭር ነው፤ እየተራመድን የምንለው ነው። ረጋ ብሎ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ መጸለይ ሌላ ነው። መጽሐፉ የሚያስፈልገን ለዚያ ነው፤ ጥራቱ ላይ እንዲህ የምጨነቀውም ለዚያ ነው።

እስቲ ይዘቱን እንየው። የዘወትር ጸሎቱ በስመ አብ ብሎ ይጀምርና አቡነ ዘበሰማያትን፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ጸሎተ ሃይማኖትን ይዞ ይሄዳል። ጸሎተ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ 318ቱ አባቶች የወሰኑት፣ በኋላም በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ በተሰበሰቡት አባቶች የተሟላ የሃይማኖት ቃል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማታ በድካም ላይ ሆናችሁ "ነአምን በአሐዱ አምላክ" ስትሉ እነዚያ አባቶች ያሉትን ነው የምትሉት። ይህን ሳስበው ይገርመኛል። ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጦ፣ ወይ ጥበቃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ አንድ ሰው በየቀኑ ይህን ይላል።

ውዳሴ ማርያም ደግሞ ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬም የደረሰው ነው ተብሎ የሚታመን ሲሆን ለሰባቱም ዕለታት ተከፍሏል። ለሥራ ቀን የተመቸ ያደረገው ይኸው አከፋፈሉ ነው። የሰኞው "ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ" ብሎ ይነሣል፤ ልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ጌታ ነጻ ሊያወጣው ወደደ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡት። በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ጭንቀቱ ገና ተራ በተራ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ቃል ስለተከዘ ልብ ሲሆን እኔን በጣም ያበረታኛል። የሐሙሱ ደግሞ ሙሴ በነደ እሳት ውስጥ ስላያት፣ ቅጠሏ ስላልተቃጠለው ዕፅ ነው። በየአንቀጹ መጨረሻ "ሰአሊ ለነ ቅድስት" ይላል። የአንድ ቀን ድርሻ ረጅም አይደለም። ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች እስክትደርሱ ያልቃል፣ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ የዘወትር ጸሎቱም ይጨመርበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የማየው የዕለቱ ቦታ በቀላሉ መገኘቱን ነው። ጥሩ እትም እያንዳንዱን ዕለት በአዲስ ገጽ ያስጀምራል፣ ከገጹ አናት ላይም "ዘሰኑይ"፣ "ዘሠሉስ" እያለ ይጽፋል። መጥፎው እትም ወረቀት ለመቆጠብ የረቡዕን ከማክሰኞ ጋር ገጽ መሐል ላይ ያያይዘዋል። ታክሲ ውስጥ በአንድ እጅ ዘንግ ይዛችሁ በሌላው ስትገልጡ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ዕልባት ያለውን ምረጡ። ያቺ ቀይ ክር ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን መጽሐፉን የምትከፍቱት እሷ ካለች ቶሎ ነው። ክር ከሌለው ከነጠላ ጥለት የተረፈች ቁራጭም ታገለግላለች።

ሁለተኛው ጥራዙ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። መጽሐፉ በሙጫ የተለጠፈ ወይም በክር የተሰፋ ሊሆን ይችላል። በሙጫ ብቻ የተለጠፈው ሲገዙት ያምራል፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፣ ሽፋኑም ያበራል። ግን የኪስ መጽሐፍ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይከፈታል፣ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይንገላታል። ሙጫው ይደርቅና መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ የሚረግፈው ደግሞ ዘወትር የምትከፍቱት ገጽ ነው። የተሰፋው እንዲህ አያደርግም። እንዴት ትለያላችሁ? መጽሐፉን መሐሉ ላይ ክፈቱና የሁለቱን ገጽ መገናኛ ተመልከቱ። ክሩ ይታያል። ካልታየ ጀርባውን ከላይ በኩል እዩት፤ የተሰፋው ትንንሽ የወረቀት እጥፎች ተደራርበው ይታያሉ፣ የተለጠፈው ደግሞ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ሻጩ "አትክፈተው ይበላሻል" ካለ ያንን መጽሐፍ ተዉት። ሲከፈት የሚበላሽ መጽሐፍ ለጸሎት አይሆንም።

የድሮ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር ከትቶ፣ ማንገቻውን በትከሻው አድርጎ ነበር የሚሄደው። እርሻ ሲሄድም፣ ለቅሶ ሲሄድም፣ ችሎት ሲሄድም። ማኅደሩ ከዝናብም ከአቧራም ይጠብቀዋል። ዛሬም ለትንሹ መጽሐፍ የሚሆን የጨርቅ ወይም የቆዳ ማኅደር የሚሰፉ አሉ፤ ከመጽሐፉ ጋር አብራችሁ ብትገዙ አትጸጸቱም። ክረምት ላይ በተለይ። ግልጽ ላስቲክ የሚያለብሱትም አሉ፣ እሱም ከምንም ይሻላል፣ ግን ሲሞቅ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል።

ፊደሉስ? የኪስ መጽሐፍ ትንሽ ስለሆነ ፊደሉ ያንሳል፣ ይህ ግልጽ ነው። ግን ማነስም ልክ አለው። አንዳንዱ እትም ሁሉን ነገር አንድ ላይ ለማጨቅ ሲል ፊደሉን አድቅቆ፣ መስመሩን አጠጋግቶ፣ በጧፍ ብርሃን እንዳይነበብ አድርጎ ያትመዋል። ሱቁ ውስጥ አምፑል ስላለ አይታወቃችሁም። ወደ በሩ ወጣ ብላችሁ፣ ክንዳችሁን ትንሽ ዘርግታችሁ አንብቡት። እዚያ ካስቸገራችሁ ሌሊት ኪዳን ላይ ጨርሶ አታነቡትም። ቀይና ጥቁር ቀለሙን የጠበቀ ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ውሰዱ። በብራናው ዘመን ጸሐፊዎቹ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ነበር የሚጽፉት፤ ይህን ይዘው የሚያትሙ አሳታሚዎች አሁንም አሉ። ለዓይን ያምራል፣ በዚያ ላይ የት ላይ እንደቆማችሁ ቶሎ ያሳያችኋል፣ ስሟ ሲነሣ ራስ ዝቅ ለማድረግም ያስታውሳል።

የግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለውን እመርጣለሁ። ግዕዙን ብቻ የያዘው ቀጭን ነው፣ ለኪስ ይመቻል፣ የአብነት ትምህርት ለተማረ ሰውም ይበቃዋል። አማርኛውን ብቻ የያዘው ደግሞ ለጀማሪ ቀላል ነው። ነገር ግን አብዛኞቻችን መሐል ላይ ነን። ግዕዙን ከቤተ ክርስቲያን ሰምተን ለምደነዋል፣ ዜማው ጆሯችን ውስጥ አለ፣ ትርጉሙ ግን እዚህም እዚያም ያመልጠናል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲሆኑ በግዕዝ ትጸልያላችሁ፣ ያልገባችሁ ቦታ ላይ ዓይናችሁን ወደ ጎን ትጥላላችሁ። ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ማታ አብረው ቆመው ሲቀበሉ "ይሄ ምን ማለት ነው?" ይላሉና መልሱ እዚያው ነው። ቅሬታዬ ብዙዎቹ እትሞች አማርኛውን ከሌላ እትም እየገለበጡ ስለሚያትሙት ነው። ስሕተቱም አብሮ ይገለበጣል። አንድ እትም ላይ የሐሙሱ መጨረሻ ተዘልሎ በቀጥታ ዓርብ ውስጥ የገባበት ገጠመኝ። የማተሚያ ቤቱን ስም አላነሣም፣ ግን እባካችሁ የምታሳትሙ ሰዎች፣ አንድ የቅኔ ወይም የመጻሕፍት መምህር ማስነበብ ይህን ያህል ይከብዳል? ይህ መጽሐፍ ተነቦ የሚጣል አይደለም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚደግመው ነው፤ የተሳሳተውን ፊደል አብሮ ይደግመዋል።

ለእናቴ የገዛሁላት ትልቁን እትም ነው። እጇ ላይ ከበድ ይላል፣ ከቤት ይዛው አትወጣም፣ ግን ፊደሉ ያለ መነጽርም ይነበባል። እውነቱን ለመናገር እሷ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ነው የምትለው፤ ዓይኗ መስመሩ ላይ ሳይደርስ አፏ ይቀድማል። ቢሆንም መጽሐፉን ካልያዘች ጸሎት ላይ ያለች አይመስላትም። ጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች፣ ቤቱም ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ልጆቹም በለሆሳስ ነው የሚያወሩት። ስትጨርስ ሁላችንንም በየስማችን ታነሣናለች፤ አገር ውስጥ ያለውንም፣ ውጭ ያለውንም፣ የታመመውንም። ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት የምትገዙ ከሆነ ኪስ ውስጥ መግባቱን እርሱት። የፊደሉ ትልቅነት ላይ ገንዘባችሁን አውጡ።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ፤ "አፑ በነጻ እያለ ለምን እገዛለሁ?" የሚለኝ ወጣት ስለማይጠፋ። አፖቹ ጥሩ ጎን አላቸው። ፊደሉን እንደፈለጋችሁ ታሳድጋላችሁ፣ በጨለማ ይነበባል፣ አንዳንዶቹ ድምፅም ስላላቸው የግዕዙን ንባብ ትለማመዱበታላችሁ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት የሚያስታውሱም አሉ። በተለይ በሰው አገር ላለ ሰው ስልኩ ብዙ ነገር ነው። ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የምትችለው አሠሪዋ የዕረፍት ቀን ከሰጠቻት ብቻ ነው። ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ በስልኳ ከፍታ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ፣ ከአገር ቤት ካህን ድምፅ ጋር እየተቀበለች ትጸልያለች። በአረብ አገር እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ለእነሱ አፑን የሠሩትን ልጆች እግዚአብሔር ይባርካቸው።

እዚህ አገር ላለነው ግን ስልኩ ሁለተኛ እንጂ አንደኛ መሆን የለበትም እላለሁ። "እሰግድ ለአብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" እያላችሁ መልእክት ብቅ ይላል፤ አንብባችሁ ስትመለሱ የት እንደነበራችሁ ይጠፋችኋል። ነጻ የሚባሉት አንዳንዶቹ በማስታወቂያ ነው የሚኖሩት። በውዳሴ ማርያምና በአንቀጸ ብርሃን መካከል የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ የሚያመጣ አይቻለሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። ሠሪዎቹ ወጪ እንዳለባቸው ይገባኛል፤ ትንሽ ገንዘብ ጠይቀው ከማስታወቂያ ነጻ ቢያደርጉት እኔ በደስታ እከፍላለሁ። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስልክ አብርቶ መቆም አጠገብ ያለውን ሰው ይረብሻል፣ አባቶችም ይቆጣሉ፣ ልክ ናቸው። በስልክ የምትጸልዩ ከሆነ ቢያንስ አስቀድማችሁ አውርዱትና ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

ስለ ጊዜ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ እትሞች መግቢያቸው ላይ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ከነምክንያታቸው ያስቀምጣሉ፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። መሠረቱ ዳዊት "በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ" ያለው ነው። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ መቃብር የወረደበት። ይህ ገጽ ያለው መጽሐፍ ግዙ። ሰባቱንም መፈጸም ለሠራተኛ ሰው ይከብድ ይሆናል፤ ግን ሰዓቱን ማወቅ ብቻውን ቀኑን ይለውጠዋል። ይህን ያየሁት ከሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ውዱእ አድርጋ፣ መስገጃዋን አንጥፋ ዙህርን ትሰግዳለች። ስብሰባ ቢኖርም፣ ሥራ ቢደራረብም። ማንም አይቀየማትም፣ ሰዓቱን ሁላችንም ስለምናውቀው። የሰፈራችን ባለሱቅም እንዲሁ ነው፣ በሩን ገርበብ አድርጎ "ለሶላት ነኝ" ይላል፣ ደንበኛውም ይጠብቀዋል። እኔም ቀትር ላይ ከምሳ በፊት መጽሐፌን አውጥቼ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ማለት የጀመርኩት እሷን እያየሁ ነው። አሁን ሁለታችንም በየራሳችን ጥግ እንሄዳለን። ቢሮው ውስጥ ስልክ የሚያነሣልን ሌላ ሰው ነው፣ እሱም ለምዶታል።

በዓቢይ ጾም መጽሐፉ የበለጠ ይሠራል። 55ቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱ ባዶ ነው። ያንን ሰዓት ስልክ ላይ ሲያንሸራትት ቢያሳልፈው ረሃቡ ብቻ ይቀረዋል። ዳዊት ጨምሮ የተጠረዘውን እትም የምመክረው ለዚህ ጊዜ ነው። ወፈር ይላል፣ ለደረት ኪስ አይሆንም፣ ግን ቦርሳ ውስጥ ይያዛል። መዝሙሩ ለሰባቱ ቀን የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን እየተከተላችሁ መድገም ትችላላችሁ። ዕለታዊ ክፍፍሉ ኅዳጉ ላይ ምልክት የተደረገበት ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

የማልመክረውም አለ። በየመንገዱ ዳር የሚሸጡ፣ ሁለት ሦስት ቅጠል የሆኑ፣ "ይህን በኪሱ የያዘ ሀብት ያገኛል፣ ጠላቱ ይወድቃል" እያሉ የሚያስተዋውቁ ወረቀቶች። አትግዟቸው። ከየት እንደመጡ አይታወቅም፣ ማን እንዳየላቸው አይታወቅም፣ የሚገዛቸውም ብዙ ጊዜ የተጨነቀ ሰው ነው። ልጇ የታመመባት እናት፣ ሥራ ያጣ ወጣት። የተጨነቀን ሰው ተስፋ እየሸጡለት ገንዘቡን መውሰድ ኃጢአት ነው። የጸሎት መጽሐፍ የሚጸለይበት ነው። በሽተኛ ትራስጌ ሥር ማስቀመጥ ልማዳችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን አጠገቡ ተቀምጦ የሚያነብለት ሰው ይኑር። ጥርጣሬ ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን አሳዩአቸው። መጽሐፉን አገላብጠው አይተው ይነግሯችኋል፣ ባርከው ይሰጧችኋል።

መቁጠሪያ አብሮ የሚሸጥ ስብስብም ገበያ ላይ አለ፤ መጽሐፍ፣ መቁጠሪያና ትንሽ ሥዕል በአንድ ሣጥን። ለስጦታ ያምራል፣ ለክርስትናም ለልደትም ይሆናል። ግን መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ከተለጠፈው ዓይነት ነው፣ መቁጠሪያውም ክሩ ቶሎ ይበጠሳል። ለየብቻ መግዛቱ ይሻላል። መቁጠሪያ ስትገዙ ፍሬውን ቁጠሩት፤ 41 ወይም 64 መሆን ሲገባው ጎድሎ የሚገኝ አለ።

እንግዲህ ለራሱ አንድ ብቻ ግዛ ለሚባል ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን፣ በክር የተሰፋ፣ ዕልባት ያለው፣ ዕለታቱ በአዲስ ገጽ የሚጀምሩ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም ከነማኅደሩ። ከተራው ይወደዳል፤ ይሁን። ለዚህ ነገር የወጣ ብር አያስቆጭም።

ግዢውን በወርኀዊ በዓል ቀን አታድርጉት። በ21 ወይም በ27 በሩ ላይ ግፊያ ስለሆነ ገልጣችሁ የምታዩበት ፋታ አይኖርም፣ ሻጩም አይታገሣችሁም። በዘወትር ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ያኔ ሻጮቹ ጊዜ አላቸው፣ መደርደሪያ ላይ ያልወጡትን እትሞች ከውስጥ አውጥተው ያሳያሉ። በዕድሜ የገፉ ሻጭ ካገኛችሁ ጠይቋቸው፤ የትኛው ኅትመት ወረቀቱ እንደሳሳ፣ የትኛው ገጽ እንደሚጎድለው ከማንም በላይ እሳቸው ያውቃሉ። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም የተሰፋውንና የተለጠፈውን ለይታችሁ ጠይቁ፣ አለዚያ የአንዱን ዋጋ ሰምታችሁ ሌላውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።